ክብደቴን የጠየቀኝ ትምህርት ቤት

ሄሊኮፕተር ማብረር ልማር ብዬ የተነሳሁት ሐረር ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ነው። ሐሳቡ ድንገት የመጣብኝ አይደለም። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሆስፒታል አምቡላንስ ሹፌር ነበሩ። ክረምት ሲገባ ከገጠር ታማሚ ለማምጣት ወጥተው ጭቃ ይዟቸው የሚያድሩበት ጊዜ ብዙ ነበር። ቤት ሲመለሱ ስለ መንገዱ እንጂ ስለ ታማሚው አያወሩም፤ ታማሚው መንገድ ላይ ያረፈ እንደሆነ ግን እራት ሳይበሉ ይተኛሉ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ መንገድ የማያስፈልገው አምቡላንስ ቢኖር እያልኩ አስብ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ያለነው እኔና አባቴ ብቻ ስለሆንን፣ ሐሳቤን መጀመሪያ የሰሙት እሳቸው ናቸው። አልሳቁብኝም። "እሱን ደግሞ ማን ያስተምራል?" ብቻ አሉኝ።

ወጪውን እችላለሁ ያሉት ድሬዳዋ የሚነግዱት የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ልጅ የላቸውም፣ እኔን እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ቢኖር ትምህርት ቤቱን በደንብ አጣርቼ ራሴ እንድመርጥ ነው። እሳቸው የሚያውቁት ሩዝና ስኳር መሆኑን፣ ተታለልኩ ብዬ ወደ እሳቸው እንዳልመጣ በስልክ ደጋግመው ነገሩኝ።

ማጣራት ጀመርኩ። ከክፍል ስወጣ መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ የአዲስ አበባውን፣ የኬንያውን፣ የደቡብ አፍሪካውን እያገላበጥኩ አነብ ነበር። ስንት ሄሊኮፕተር አላቸው፣ አስተማሪዎቹ ምን ያህል በረዋል፣ የሚሰጡት ፈቃድ አገራችን ተቀባይነት አለው ወይ የሚሉትን ጥያቄዎች ይዤ ሁሉንም አወዳደርኩ። የሁሉም ፎቶ ተመሳሳይ ነው፤ ጥቁር መነጽር ያደረገ ቀጭን ልጅ ሄሊኮፕተር ተደግፎ ይስቃል። እኔን የሚመስል ሰው በአንዱም ላይ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ግን ነገሬ አላልኩትም።

ወፍራም ነኝ። በእኛ ከተማ ይህ ነውር አይደለም። ከረጅም ጊዜ በኋላ ያገኘሽ ሰው "ተመችቶሻል" ካለሽ እያመሰገነሽ ነው። ተማሪዎቼም በወንበሮቹ መሀል በጎን ሳልፍ ደብተራቸውን ከመሰብሰብ በቀር ምንም ብለውኝ አያውቁም። ስለ ክብደቴ አስቤ የማላውቅ ሰው ነበርኩ ብል ውሸት አይሆንብኝም።

እኔ ገና ሳጣራ አባቴ ፈረስ መጋላ ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ፣ ከጡረተኛ ጓደኞቻቸው ጋር በሚቀመጡበት ጠረጴዛ፣ ልጄ አብራሪ ልትሆን ነው ብለው አውጀዋል። ሳምንት ሳይሞላ የሸዋ በር ባጃጆች "ካፒቴን፣ ልውሰድሽ?" ይሉኝ ጀመር። ትምህርት ቤት እንኳ ያልመረጥኩ ሰው ካፒቴን ስባል መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጀጎል ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡት፣ ሁላችንም አዴ የምንላቸው ሴትዮ ግን ከልባቸው ተደሰቱ። "ማሻአላህ" አሉኝ፤ "ብቻ ስታልፊ አቧራ አታንሺብኝ፣ ነጭ ጨርቅ ነው የማሰጣው።"

መጀመሪያ የሄድነው ወደ አዲስ አበባው ነው። የመረጥኩት ስለሚቀርብ ነው፤ አባቴም እየመጣሁ አይሻለሁ ስላሉ። አብረውኝ መጡ። የሠርግ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ አውቶቡስ ውስጥ ኮቱ እንዳይጨማደድ ሙሉ መንገዱን ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ትምህርት ቤቱ ከከተማው ዳር ያለ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ውስጡ አንዲት ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ ሄሊኮፕተር ቆማለች። ሌላዋ ጥግ ላይ ሞተሯ ወርዶ ሸራ ለብሳለች። እኔን ጨምሮ ሦስት አመልካቾች ነበርን፤ ሁለቱ ወንዶች ናቸው፣ ከወላጆቻቸው ጋር መጥተዋል። አስተማሪው ትሑት ሰው ነበር። የሄሊኮፕተሯን በር ከፍቶ አሳየን፤ አባቴ እጃቸውን ኋላ አጣምረው እንደ ሆስፒታል ጎብኚ ዞሯት። ከዚያ ወደ ቢሮ ከመግባታችን በፊት በየተራ ሚዛን ላይ እንድንወጣ ጠየቀን።

ሚዛኑ የዕቃ መመዘኛ ነው፤ ቁጥሩ ግድግዳው ላይ በቀይ መብራት በሩቅ ይታያል። ወንዶቹ ወጡ፣ ወረዱ። እኔ ስወጣ አስተማሪው ቁጥሩን አየና ዓይኑን ወደ ጫማዬ መለሰ።

"እስቲ ጫማሽን አውልቂና እንደገና ቁሚ" አለኝ።

አወለቅኩ። ካልሲዬ ተረከዙ ላይ ተበስቷል። ቁጥሩ ያው ነው። እዚህም አልጽፈውም፤ ይህን ሁሉ ዘርግፌ እሱን መደበቄ ለራሴም ያስቀኛል፣ ግን አልጽፈውም። ከወንዶቹ የአንዱ እናት ፊታቸውን ወደ ሄሊኮፕተሯ አዞሩ፤ ላለማየት ብለው መሆኑ ገባኝ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

አስተማሪው ወደ ጎን ወሰደኝና ቀስ ብሎ አስረዳኝ። እሱና እኔ ነዳጅ ጨምረን ከተሳፈርን ትንሿ ሄሊኮፕተር ከተፈቀደላት በላይ ትሆናለች። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ የሄሊኮፕተሯ ጉልበት ይቀንሳል። "ሒሳብ አስተማሪ ነሽ አይደል? ይገባሻል" አለኝ። ገብቶኛል። እሱ ተናግሮ ሳይጨርስ በልቤ ደምሬ፣ ቀንሼ፣ መልሱን አግኝቼዋለሁ። ቀንሰሽ ነይ፣ ወይም በባለ ክንፉ አውሮፕላን ጀምሪ አለኝ።

ይሄኔ ነው አባቴ ኮታቸውን አውልቀው ክንዳቸው ላይ ያደረጉት።

"እኔንም መዝኑኝ" አሉ።

አስተማሪው ግራ ገባው። እንዳልከፋ ብለው አብረውኝ ሊመዘኑ ነው ብዬ አሰብኩ። አልነበረም። አባቴ ሆስፒታል ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመዘኑ ስለኖሩ ክብደታቸውን ያውቁታል፤ ሚዛኑ ተበላሽቷል ብለው ነው። ወጥተው ቆሙ፣ አንገታቸውን አዙረው ቀዩን ቁጥር አዩት። ከእኔ በጣም ያንሳል። ወርደው ኮታቸውን ለበሱና በቀስታ "ልክ ነው" አሉኝ። እዚያ መጋዘን ውስጥ ከተባለው ሁሉ የጎዳኝ እሱ ነው።

ስንመለስ አውቶቡሱ አዋሽ ላይ ለምሳ ቆመ። ሌላ ጊዜ እዚያ ስንወርድ ጥብስ ሳንበላ አናልፍም። አባቴ አልራበኝም አሉ። በማለዳ ከበላናት ዳቦ ሌላ አፋቸው እህል እንዳልነካ አውቃለሁ፤ እኔ እንዳላፍር ብለው ነው። እኔም እርቦኝ ነበር፣ ግን እርቦኛል ብል ቁጥሩ ተመልሶ መሀላችን የሚቀመጥ መሰለኝ። ሰው ሁሉ ሲበላ እኛ ጥላ ስር ቆመን ውሃ ጠጣን።

ሐረር ከገባን በኋላ አባቴ ቡና ቤት ምን እንዳወሩ የሰማሁት ከባጃጅ ሹፌር ነው። "ካፒቴን፣ ትምህርት ቤቱን ናቅሽው አሉ" አለኝ። ለካ አባቴ ለጓደኞቻቸው፣ ትምህርት ቤቱ ያለው ሄሊኮፕተር አንዲት ናት፣ ሌላዋ ሞተሯ ወርዶ ሸራ ለብሳለች፣ ልጄን ለእንደዚህ ዓይነት ቦታ አልሰጥም ብለዋል። ከነገሩ ውስጥ ውሸት አንድም የለበትም። ጓደኞቻቸውም አባት ማለት እንዲህ ነው ብለው አመስግነዋቸዋል። በየመንገዱ ሰው አበጀሽ ሲለኝ አንገቴን እየደፋሁ አልፋለሁ። ነገሩን ለአባቴ አላነሳሁባቸውም፤ እሳቸውም አላነሱብኝም።

ከዚያ በየማለዳው ከከተማው በላይ ያለውን ተራራ፣ ሐኪም ጋራን፣ መውጣት ጀመርኩ። መንገዱ ላይ የማገኛቸው ወደ ገበያ የሚወርዱ ገበሬዎች ናቸው። ሁሉም ተሸክሞ ይወርዳል፤ እኔ ባዶ እጄን ወጥቼ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። አንድ ሽማግሌ በየቀኑ እያዩኝ ሲገርማቸው ሰንብተው አንድ ቀን አስቆሙኝ። ፍየል ጠፍታብኝ የምፈልግ መስሏቸው ኖሯል፤ መልኳን ብነግራቸው እንደሚጠይቁልኝ ነገሩኝ። ምን እንደምመልስላቸው ስላላወቅኩ ተገኝታለች አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ ብለው አለፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ መንገድ ነው የምወጣው።

ጥቂት ወር ሲሆነኝ ልብሴ ሰፋኝ፤ ቁጥሩ የሚፈለገው ጋ ባይደርስም። ከተማው ግን ደነገጠ። ተመችቶሻል ይሉኝ የነበሩት ሁሉ ምን ሆነሽ ነው ማለት ጀመሩ። አንድ ከሰዓት አዴ ሱቅ የትራስ ጨርቅ ልገዛ ገባሁ። ጨርቁን ዘርግተው መለካት ጀመሩና አቆሙ፤ እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ታመሻል? እናት የለሽም፣ ለኔ ንገሪኝ።"

እናት የለሽም ሲሉኝ ይዤው የነበረው ሁሉ አመለጠኝ። እንዳልታመምኩ፣ አዲስ አበባ በዕቃ ሚዛን መዝነው ለሄሊኮፕተሩ ከብደሻል እንዳሉኝ፣ ትምህርት ቤቱን ንቄ ሳይሆን እሱ እኔን እንዳልቻለኝ ነገርኳቸው። አዴ አልሳቁም፣ አላጽናኑኝም። ተቆጡ። ልጃችንን እንደ ቡና ጆንያ ይመዝናሉ እንዴ ብለው ጨርቁን በኃይል ቀደዱልኝ። እንደ ተበደልኩ ቆጥረውት ለጎረቤት ሱቅ ተናገሩ፣ ጎረቤት ሱቅም ተቆጥቶ ለሌላው ተናገረ። ክፋት ያሰበ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ግን ወሬው ቡና ቤት ደረሰ፤ ከአባቴ ጓደኞች አንዱ በሰው ፊት፣ አልነሳም ያለችው ሄሊኮፕተሯ ናት ወይስ ልጅህ ብለው ጠየቋቸው አሉ። ጠረጴዛው በሙሉ ስቋል።

አባቴ ፈረስ መጋላ መውጣት ተዉ። ቁርሳቸውን በልተው ግቢ ውስጥ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ፤ አንድ ጫማ ቀኑን ሙሉ ይጠርጋሉ። ምን እንደተባሉ እኔ ከአዴ ነው የሰማሁት፤ እያለቀሱ ነገሩኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አባባ፣ ለምን አይወጡም?"

"ፀሐዩ ነው" አሉ። ሰማዩ ደመና ነበር። ብሩሹን አስቀመጡና ወደ እኔ ሳያዩ ቀጠሉ፤ "እኔ የዋሸሁት ነገር የለም። ከፊሉን ነው ያልተናገርኩት። ያልተናገርኩትም ያንቺ ስለሆነ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ልትናገሪው ከፈለግሽ መናገሩ አይከፋም። ቀድመሽ ለኔ ብትነግሪኝ ግን ምን ነበር? አብረን እንናገረው ነበር።"

እስከዚያ ቀን ድረስ ያፈርኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ከአዋሽ ጀምሮ የእኔን ኀፍረት ተሸክመው፣ ሸፍነው፣ አሳምረው እያወሩልኝ ከተማው መሀል ሲቀመጡ፣ እኔ አንድ ከሰዓት ሳላስብ ገለጥኩት። የተዋረዱት እኔ ሳልሆን እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ብቻዬን ወደ ቡና ቤቱ ሄድኩ። ሽማግሎች የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ነው፣ ሴት ልጅ ሄዳ የምትቀመጥበት አይደለም። ቆሜ ሰላምታ ሰጠሁ። አባቴ የነገሯችሁ ሁሉ እውነት ነው፣ ሄሊኮፕተሯ አንዲት ብቻ ናት፣ የሰማችሁትም እውነት ነው፣ በክብደቴ አልተቀበሉኝም አልኩ። ሁሉም ስኒያቸውን አዩ። የቀለዱት ሰውዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ።

መጀመሪያ የተናገሩት ልጅ ሳለሁ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር የነበሩት ጡረተኛ ናቸው። ወንበር ሳቡልኝ።

"እሺ፣ እና የትኛው ነው የሚሆንሽ?" አሉኝ፣ ልክ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እንዳወጡኝ ሁሉ።

ለካ ከመጀመሪያው መጠየቅ የነበረብኝ ይህን ነው። እስከዚያ ድረስ የማስበው እንዴት ልቅለልላቸው ብዬ ነው እንጂ የሚሆነኝ የትኛው ነው ብዬ አልነበረም። ሒሳቡን ግን አውቀዋለሁ። ከፍታው ዝቅ ያለ ቦታ አየሩ ወፈር ይላል፣ ሄሊኮፕተሯም ጉልበት ታገኛለች፤ ተለቅ ያለች፣ አራት ሰው የምትይዝ ብትሆን ደግሞ እኔም አስተማሪዬም ነዳጁም እንገባለን። ስለዚህ ባሕር ዳር ያለ ትምህርት ቤት ነው የሚሆነኝ አልኳቸው።

"ባሕር ዳርም ተከፈተ እንዴ?" አሉ አንዱ።

የባሕር ዳርቻ ማለቴ እንደሆነ ሳስረዳ ጠረጴዛው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ከዚያ ሁሉም ይጠይቁኝ ጀመር። ጥሩ ጫማ ለመምረጥ ከሱቅ ሱቅ የሚዞሩ ሰዎች እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ሄሊኮፕተር ግን እንዲህ አጥብቀው ይመረምራሉ ብዬ አልጠረጠርኩም። ቢበላሽ ማን ይሠራዋል አሉ። አስተማሪው ቢታመም ሌላ አለ ወይ አሉ። የቀለዱት ሰውዬ መጨረሻ ላይ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ አባትሽን ነገ ይምጣ በይው አሉኝ።

አባቴ ማግስቱን አልሄዱም። ከቀናት በኋላ ሄዱ፣ ያም የሆነው ሰውዬው ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው ስለወሰዷቸው ነው። እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ ማውራት ግን አልተመለሰላቸውም።

በዚያ ሰሞን ለሦስት የውጭ ትምህርት ቤቶች ደወልኩ፤ ሳሎን ውስጥ፣ አባቴ አጠገቤ ተቀምጠው። ሁሉም ባሕር ዳርቻ ያሉ ናቸው። የመጀመሪያው መቼ እንደምከፍል ብቻ ጠየቀኝ። ሁለተኛው ስለ ክብደቴ ሳነሳበት ችግር የለም፣ ችግር የለም አለኝ፤ ቁጥሩን ሳይሰማ። ሦስተኛዋ ደቡብ አፍሪካ ያለች ሴት አስተማሪ ናት። ስሜንና ዕድሜዬን እንደጠየቀች ክብደትሽስ አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ ይቅርታም ምንም አልነበረም። ቁጥሩን በእንግሊዝኛ ተናገርኩት፤ አባቴ የእንግሊዝኛ ቁጥር ከሆስፒታል ያውቃሉ፣ ሳልፈልግ ዓይኔ ወደ እሳቸው ሄደ። መስኮቱን ያያሉ።

በትንሿ አትማሪም አለችኝ። አራት ሰው በምትይዘው ትማሪያለሽ፤ ነዳጁን ግማሽ አድርገን እንነሳለን፣ በረራው ያጥራል፣ ስለዚህ ከሌሎቹ ትቆያለሽ አለች። ሐኪም እንዲያየኝ፣ ልቤና የደም ግፊቴ እንዲለካ፣ ከመሳፈሬ በፊት ውጤቱን እንድልክላትም ነገረችኝ። "በየቀኑ ከበረራ በፊት ክብደትሽን እጠይቅሻለሁ፤ ሁሉንም ነው የምጠይቀው" ብላ ዘጋችው።

ከሦስቱ ብዙ ሄሊኮፕተር ያለው ሁለተኛው ነበር፤ ፎቶውም የሚያምረው የሱ ነው። እኔ ሦስተኛዋን መረጥኩ። አጎቴ ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ከሁሉ በፊት ሊያስቸግራት የሚችለውን ነገር ስለጠየቀችኝ ነው አልኳቸው። ሸቀጥ ሲገዙ እሳቸውም እንደዚያ እንደሚያደርጉ ነገሩኝ።

ደቡብ አፍሪካ ከሄድኩ ኀፍረቱ ይለቀኛል ብዬ ነበር። አለቀቀኝም። በየማለዳው ሰሌዳው ፊት ተሰልፈን ክብደታችንን እንናገራለን፤ አስተማሪዋ ትጽፋለች፣ ነዳጁን ታሰላለች፣ ወደ ሌላው ታልፋለች። ሌሎቹ የቀን ሰላምታ ያህል ነው የሚናገሩት። እኔ ተራዬ ሲደርስ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። ድምፄን ግን አልቀንስም፤ አንድ ቀን ቀንሼ ስናገር ሳትሰማ ቀርታ ሁለቴ ስላስደገመችኝ።

ብቻዬን የበረርኩ ዕለት አስተማሪዋ ሞተሩ እየዞረ ወርዳ በሩን ዘጋችልኝና አጎንብሳ ሄደች። ብቻሽን ስትሆኚ ቶሎ ትነሺያለሽ፣ ሄሊኮፕተሯም ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች ብላ አስጠንቅቃኛለች። እንዳለችው ሆነ፤ ሄሊኮፕተሯ እጄ ከለመደው ቀድማ ከመሬት ተነሳች። ሜዳውን አንዴ ዞሬ፣ በጣም እየተጠነቀቅኩ፣ መልሼ አሳረፍኳት።

ከሰዓት ለአባቴ ደወልኩ። ብቻዬን መብረሬን ነገርኳቸው።

"አጠገብሽ ማንም አልነበረም?" አሉ።

"ማንም አልነበረም አባባ።"

"አስተማሪዋ ከታች ነበረች?"

"ከታች ቆማ ነበር።"

ከኋላቸው የባጃጅ ጥሩምባና የሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ ፈረስ መጋላ ናቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው እንዳይሰማቸው ይመስላል፣ "እነዚህ እዚህ ተቀምጠዋል። ልንገራቸው?" አሉኝ።

ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ገና ብዙ እንደሚቀረኝ፣ ፈቃዱን እንዳላገኘሁ፣ ነገ ልወድቅ እንደምችል አሰብኩ። ይቆዩ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር።

"ይንገሯቸው" አልኳቸው።